ጨው ያልነካው ሳህን

ረቡዕ፣ መጋቢት 4

...ሦስተኛው ግን ከሁለቱ የቀለለ ነበር፣ በሩ ላይ በጣት አንጓ ሳይሆን በመዳፍ፣ ሰው ቤት ውስጥ የተኛ ሕፃን እንዳለ ሲያውቅ እንደሚያደርገው፤ እኛ ደግሞ ሕፃን የለንም፣ ኖሮንም አያውቅም፣ ታዲያ ለማን ብሎ ነው ቀስ ያለው እያልኩ

ከዚህ በላይ አልጽፍም። የጤና ጣቢያው ነርስ ደብተሩን ስትሰጠኝ «እንቅልፍ እንቢ ሲልሽ ጻፊ፤ ከመጀመሪያው ጀምሪ» ነው ያለችኝ። መጀመሪያው ይሄ አይደለም።

መጀመሪያው እንዲህ ነው። ስሜ ኢዝሊን ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ካትበርት ዓሣ ያጠምዳል፣ በመንደራችን ባንድ ውስጥ ባንጆ ይጫወታል። ባለፈው ዓመት ማሩን የምንለው የሦስት ቀን የመብል ፌስቲቫል ባለቀ ማግስት፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ ከሜዳው ቀጥታ ወደ ባህር ወረደ። ጀልባዋ በሦስተኛው ቀን በጎረቤት ደሴት በፒቲት ማርቲኒክ በኩል ባዶዋን ተገኘች። እሱ አልተገኘም።

«ያጠምዳል»፣ «ይጫወታል» ብዬ ጻፍኩ። ይቅር፣ አልሰርዘውም።

ሰኞ፣ መጋቢት 9

ጋሽ ኔስቶር የባንዱን ጨርቅ ይዘው መጡ። የባንዱ መሪ ናቸው፤ ቫዮሊን ይመታሉ። ዘንድሮ ጨርቁ ሰማያዊ ነው፣ ትንንሽ ነጭ ቅጠል ያለበት።

«ሰባት ሸሚዝ» አሉና ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ልካችን ያው የድሮው ነው። ከሉዊስ ሆድ በስተቀር። ለሱ ድንኳን ብትተክዪለት ይሻላል።»

ሳቅኩላቸው። ሰባት የሚለውን ቶሎ ያለፉት ለኔ ብለው መሆኑ ገብቶኛል።

«ባንጆስ ማን ይመታል?» አልኳቸው።

«ዘንድሮ ያለ ባንጆ ነን። ሌላ ሰው በቦታው አላቆምም። ዓመቱ ይሙላ መጀመሪያ።»

ሊወጡ ሲሉ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ባንጆ አዩ። ቆሙ።

«ለካ እዚህ ነው ያለው።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እኔ እኮ አብሮት የገባ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ንጋት መንታው መንገድ ላይ ስንለያይ ትከሻው ላይ ነበር።»

«ሌላ ቀን የተወው ይሆናል» አልኩ።

ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። ሌላ ቀን ቤት የተወውን ባንጆ ሦስት ቀን ሙሉ በፌስቲቫሉ ሊመታው እንደማይችል የገባኝ ከሄዱ በኋላ ነው። እሳቸው እዚያው ቆመው ሳለ የገባቸው ይመስለኛል።

እሑድ፣ መጋቢት 15

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እማማ ዩላሊ ክንዴን ያዙኝ። የካትበርት እናት ናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሲይዙ አጥብቀው ነው የሚይዙት።

«መጣ» አሉኝ።

ማን ብዬ አልጠየቅኩም።

«ሌሊት በሕልሜ መጣ። ግቢው ውስጥ ቆሟል፣ ልብሱ ይንጠባጠባል። ‹እማ፣ እርቦኛል› አለኝ። ‹ታዲያ ምን ያቆምሃል፣ ግባ እንጂ› አልኩት። ‹ተዘግቷል› አለኝ።»

ሰዎች በአጠገባችን እያለፉ እንደምን አደሩ ይሉናል። እማማ ለሁሉም ራሳቸውን እየነቀነቁ ይመልሳሉ፣ ክንዴን ግን አልለቀቁም።

በሕልም የመጣ ሰው ምግብ ከጠየቀ ይበስልለታል። እዚህ ደሴታችን ካሪያኩ ላይ ይህን የማያደርግ ቤት የለም፤ ሐኪሙም ያደርጋል፣ ቄሱም አይቶ እንዳላየ ይሆናል። ካትበርት ልጅ ስላልተወ የወላጆች ሳህን፣ ለሞቱት የቤቱ ሰዎች የሚቀርበው ምግብ፣ ሲወጣ የሱም ከነአባቱ ጎን ይቀመጣል አሉ እማማ። በማሩኑ መጨረሻ፣ በወጣበት ሰዓት፣ ሰኞ ንጋት። በቤቱ። በልቶ ይሄዳል።

«ወዴት?» አልኩ።

«የቀደሙት ሰዎቻችን ወደሚሄዱበት። ባህሩን ተሻግሮ ወደ አገራቸው። እስካሁን መሀል ላይ ነው፤ ጀልባም የለው፣ መንገድም የለው። አንቺ ነሽ የምታበስዪለት። ሚስት ናት የምታበስለው።» ከዚያ ዓይኔን አዩኝ። «ቂም ያለበት እጅ ግን የሙታንን ድስት አይነካም። በመካከላችሁ የነበረ ነገር አለ?»

«የለም፣ እማማ።»

«ደህና።»

ማክሰኞ፣ መጋቢት 17

ተዘግቷል አለኝ። ተዘግቷል አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ሊሆን ይችላል። ሱቅ ሊሆን ይችላል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 21

ዛሬ ጨርቁን ቆረጥኩ። ጠዋት ጀምሬ እስከ ምሳ ሰዓት። ክምሩን ስደረድር ስምንት ጀርባ፣ አሥራ ስድስት እጅጌ ሆነ። እንደገና ቆጠርኩ። ስምንት። የሱን ልክ ከወረቀት ማየት አያስፈልገኝም፤ ትከሻው፣ የቀኝ እጁ ከግራው በአንድ ጣት መርዘሙ፣ ሁሉም በመቀሱ ውስጥ ነው። መቀሱ ነው የቆረጠው።

ጨርቅ ይባክናል ብዬ ሰፋሁት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 28

እትዬ ፕሪስካ መጣች። ጎረቤቴ ናት፣ ከአጥሬ ወዲያ። በፌስቲቫሉ የሴቶቹ አለቃ እሷ ናት፤ ማን ገንፎ እንደሚያገላብጥ፣ ማን የርግብ አተር እንደሚለቅም እሷ ትደለድላለች። ድምጿ ያለ ማጉያ እስከ ወደቡ ይሰማል።

«አንቺ፣ ያንን በር ክፍቱን እያደረሽ የምትተኚው ማንን ጠብቀሽ ነው?»

«ይሞቃል።»

«እኔ ቤት አይሞቅም? እኔ በረዶ ቤት ነው የምኖረው?» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ባለፈው ዓመት እንዲህ አልነበርሽም። ካንቺ በር ላይ መቀርቀሪያው ገና ሳይመሽ ነበር የሚወረወረው። ቋ ሲል እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። ባሌ እንኳ ‹ኢዝሊን ዘጋች፣ እራት አቅርቢ› ነበር የሚለው።»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ገንፎው ላይ መደበችኝ፣ እንደ አምናው። ከዚያ እየወጣች፣ በሩን በአንድ ጣት ነካ አድርጋ፣

«ለነገሩ በዚያ ንጋት ሰምቼ ነበር» አለች።

«ምን?»

«ምን አውቅልሻለሁ። ከበሮ ይሆናላ። ለሦስት ቀን ሰው ጆሮ ውስጥ ከበሮ ነው ያለው።»

ሰምታለች። አልሰማችም። ሰምታ ቢሆን ዓመት ሙሉ አፏን ትይዛለች? ፕሪስካ? አልሰማችም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 3፣ ስቅለት

በስቅለት መርፌ አይነካም። አልነካሁም። ይህን በግልጽ እጽፈዋለሁ፤ ማሽኑ ከትናንት ጀምሮ ተሸፍኗል።

ስምንተኛው ሸሚዝ ቁልፍ አልነበረውም። አሁን ስድስቱም አሉት። ክሩ የኔ ክር ነው። አሰፋፉም የኔ ነው፣ ከሥር ሁለት ጊዜ ጠምዝዤ የማስረው ቋጠሮ። ስለዚህ እኔ ነኝ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ሳላስተውል። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል።

ስድስት። ደግሜ ቆጠርኩ። ስድስት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

እማማ ዩላሊ ሊያስተምሩኝ መጡ። ሥራውን አላውቀው ብዬ አይደለም፤ ለመንደሩ ስንት ዓመት አብስያለሁ። የሙታን ድስት ግን ሌላ ነው አሉ።

ሩዙም፣ ዶሮውም፣ የበቆሎ ገንፎውም ለብቻው በትንሽ ድስት ይበስላል። የሚያበስለው ሰው አይቀምስም። ነጭ ጨርቅ፣ አንድ ሻማ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ ብርጭቆ ሮም አረቄ። ጠረጴዛው ላይ ከተደረደረ በኋላ ቤቱ ባዶ ይሆናል፣ በሩ ክፍት ይተዋል። የቤቱ ሴት ደጅ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። አትናገርም፣ ዞራ አታይም። «በልተዋል» እስክትባል።

«ጨው የለም» አሉ። «ይሄን እንዳትረሺ። የጨው ዕቃሽን ከማዕድ ቤት አውጪው። እጅ ለምዶ ይሳሳታል።»

«ጨው ቢገባስ?»

በምርኩዛቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉ። «እነዚያ ለባርነት በመርከብ ያመጧቸው፣ ጨው ያልቀመሱቱ፣ አንድ ቀን መቆፈሪያቸውን ጥለው ተነሱና በረሩ ይል ነበር አያቴ። ባህሩን ተሻገሩ። የቀመሱት ግን ከበዱ። እዚሁ ቀሩ፤ እኛ የነሱ ነን። ጨው ያቀመስሽው ሙት ካንቺ ጋር ነው የሚቀረው። ደስ ብሎት እንዳይመስልሽ።»

ከዚያ ሻይ ጠጡ። ብስኩቱን እየነከሩ ስለ ጉልበታቸው አወሩልኝ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

እማማ እንደገና መጡ፣ የሚደረደርበትን ጠረጴዛ ሊያዩ። በሩን ከፍተው ዘጉት፣ ከፍተው ዘጉት። መቀርቀሪያውን ሊስቡት ሞከሩ፣ እንቢ አለ። ከቀለበቱ ጋር ዝጎ ተጣብቋል። የባህር አየር ነው፤ ብረት ካልተነካካ ወር አይፈጅበትም።

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከ... አላስታውስም፣ እማማ። ብዙ ነው።»

«ዓመት ይሆነዋል።»

«ይሆነዋል።»

ጣታቸውን ዝገቱ ላይ አሳለፉና ተመለከቱት። ቀይ ዱቄት። በቀሚሳቸው ጠረጉት።

«ልጄን አንቺ ታውቂዋለሽ» አሉ። «በር ሲዘጋበት የሚሰብር ልጅ አልነበረም። ትንሽ ሆኖም እንደዚያው ነው። አንኳኩቶ፣ አንኳኩቶ፣ ይሄዳል።»

ለምን እንዲህ እንዳሉ አልጠየቅኩም። እጄን መታጠብ ነበረብኝ። ለረጅም ጊዜ ታጠብኩ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 17

ሸሚዞቹ ተተኩሰው አለቁ። ሰባቱን ወሰዷቸው። እንጨት ተራግፏል። መድረኩ ተተክሏል። ከግሬናዳ የሚመጣው መርከብ ሞልቷል አሉ። ሎሚ መግዛት። ሻማ። የጨው ዕቃውን ማውጣት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

ከምሳ በኋላ ዝናብ ጣለ፤ ሥራ የለም። ጸጥ ያለ ነው። አንድ ነገር ልጻፍ፣ ግን በሌላ ሰው።

አንዲት ሴት እንበል። መንደሯ በዓመት አንድ ጊዜ ላገሩ ሁሉ ያበስላል። የመጣ ይበላል፤ ከየት መጣህ አይባልም። ሴትየዋ ሦስት ቀን በእሳት ፊት ቆማ ገንፎ አገላብጣለች፣ የመቅዘፊያ ያህል በሚረዝም ማማሰያ። ክንዷ እስከ ክርኗ በእንፋሎት ተልጧል። ባሏ መድረክ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ይወደዋል። «ዛሬ ጀንበር ሳትጠልቅ እመጣና እጅሽን ቅባት እቀባልሻለሁ» ይላታል ዓርብ። አይመጣም። ቅዳሜም ይላታል። እሑድ ምንም አይላትም፤ ከሩቅ ይስቃል፣ እሷም ከሩቅ ትስቃለች።

ሴትየዋ ቤቷ ሄዳ ትቀረቅራለች። ሊነጋ ሲል ይመጣል። ባንጆውን በውጭ በኩል ግድግዳው ላይ ሲያስደግፍ ክሩ እንደ መንዘር ይላል፤ ያንን ትሰማለች። ነቅታለች። ያንኳኳል። እንዲህ ትላለች በልቧ፦ አንድ መቶ ቆጥሬ እከፍትለታለሁ። አንድ መቶ ብቻ። ብዙ አይደለም። ሦስት ቀን ከጠበቀ ሰው ፊት አንድ መቶ ምንድነው።

ትቆጥራለች። ሃያ ላይ ያንኳኳል። አርባ አምስት ላይ ያንኳኳል፣ ቀስ ብሎ። ስልሳ ሁለት ላይ እርምጃው ይሰማል፣ ወደ ታች፣ ወደ ባህሩ።

እሷ ግን እስከ አንድ መቶ ቆጥራ ነው የተነሳችው። ይህ ነው የማይገባኝ ነገር። ለምን ከስልሳ ሁለት በኋላ መቁጠር እንደቀጠለች።

ይቺን ሴት አላውቃትም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

ተጀመረ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እሳት። አሥራ አንድ ድስት በመስመር፣ ድንጋይ ላይ። እማማ ዩላሊ መሬቱን አረጠቡ፤ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ሮም፣ የሙታኑን ስም በየተራ እየጠሩ። ከበሮዎቹ ተከተሉ። የባላቸውን፣ የአባታቸውን፣ የወንድሞቻቸውን ስም ጠሩ። የልጃቸው ተራ ሲደርስ የሱን አልጠሩትም። ዝለው ዘንግተው አይደለም። ስሙ የሚጠራው ከበላ በኋላ ነው።

ሰው እንደ ጉድ መጣ። ከመርከቡ ቀጥታ ወደ ድስቱ። አንድ ባለ ካሜራ ሰውዬ ኪሱን እየዳበሰ «ስንት ነው?» አለ፣ ሴቶቹ ሁሉ ሳቁበት።

«ገንዘብህን መልሰህ ክተት» አለችው ፕሪስካ። «ሳህንህን ዘርጋ። ገንፎው ሲቀዘቅዝ ልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ነው የሚሆነው።»

«እውነት በነፃ ነው?»

«ካልበላህ ነው የምናስከፍልህ።»

ሳይጨልም ቤቴ ገባሁ። በሩን ክፍቱን ተውኩት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

እንዲህ ሆነ። እንደሆነ አድርጌ እጽፋለሁ፣ ሳልጨምር።

ከሰዓት በኋላ ምግብ ማደያው ላይ ነበርኩ። ሰልፉ ሲረዝም ፊት ማየት ይቀራል፤ የማየው እጅ ብቻ ነው። እጅ፣ ሳህን፣ ጭልፋ። እጅ፣ ሳህን፣ ጭልፋ። ቀለበት ያለው እጅ፣ የልጅ እጅ፣ የተላጠ ጥፍር። ጸሐዩ አናት ይበሳል። ከዚያ አንድ እጅ መጣ። እርጥብ ነበር። ለሰዓታት ውሃ ውስጥ የቆየ ሰው ጣት እንደሚጨማደደው ጫፎቹ ነጭ ብለው ተጨማደዋል። ጨለፍኩለት። ሳህኑ አልራቀም፤ ገና ይጠብቃል። ደግሜ ጨለፍኩለት።

ቀና አላልኩም። እየዋኙ የሚመጡ አሉ፤ ባህሩ ቅርብ ነው። ቀና ያላልኩት ሰልፉ ስለረዘመ ነው።

ቀጥሎ የቆመችው ትልቅ ባርኔጣ ያደረገች የግሬናዳ ሴት ነበረች። ባንዱ እየተጫወተ ነው።

«እናንተ ሰዎች ታድላችኋል» አለችኝ። «ቫዮሊኑስ እሺ። ግን ያ ባንጆ የሚመታው!»

«ባንጆ የለም ዘንድሮ» አልኳት።

«እንዴት የለም? ከኋላ ያለውስ? ፈረንጅ መሰልኩሽ እንዴ፣ ባንጆና ጊታር የማልለይ?» ሳህኗን ወሰደች። «ፈገግታ ብቻ ነው የጎደለው። ምግብ ስጡት።»

ወደ መድረኩ አየሁ። ሰባት ሰማያዊ ሸሚዝ። ቆጠርኩ። ሰባት። ከሉዊስ ሆድ ኋላ ማንም የለም። ጋሽ ኔስቶር ግን በዘፈኑ መሀል ቀስታቸውን አንስተው ዞር አሉ፣ አንድ ሰው ተራው ሲደርስ ቦታ እንደሚለቁለት። ጠበቁ። ከዚያ ወደ ቫዮሊናቸው ተመለሱ።

ሲጨርሱ መጥተው ውሃ ጠየቁኝ።

«ኢዝሊን፣» አሉኝ፣ «በመንታው መንገድ ላይ ስንለያይ ምን እንዳለኝ ነግሬሽ አላውቅም።»

«አልነገሩኝም፣ ጋሼ።»

«‹እጇን ቅባት ልቀባት እሄዳለሁ፣ ሦስት ቀን ዋሽቻታለሁ› ነው ያለኝ። ወደ ባህር እሄዳለሁ አላለኝም።»

ውሃውን ጠጥተው ጣሳውን መለሱልኝ። እኔም አጠብኩት።

እሑድ፣ ሚያዝያ 26

ጠዋት ስነቃ ስምንተኛው ሸሚዝ ምስማሩ ላይ ነበር፤ ሰቅዬው ነበርና። ግን ጠርዙ ደርቆ ገትሯል፣ በላዩ ላይ ነጭ መስመር። በምላሴ ነካ አደረግኩት። የባህር ነፋስ ነው። በሩ ክፍት ስለሚያድር።

ዛሬ የሙታንን ድስት አበሰልኩ፣ በጓሮ፣ ለብቻዬ። ሜዳው ላይ ሌሎቹ ባንዶች ተራ በተራ ይጫወታሉ፤ ሰው ሲያጨበጭብ እስከዚህ ይሰማል። የጨው ዕቃውን አላወጣሁትም ነበር። ረስቼው ነው። በዝርዝሩ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ረቡዕም አይቼዋለሁ፣ ረስቼው ነው።

ሩዙ ሲፈላ እጄ ሄደ። ሃያ ሰባት ዓመት ያበሰለ እጅ ነው፣ ሳይጠይቀኝ ይሄዳል። አንዴ ቆነጠርኩ። ምን አደረግኩ አልኩ። ገንፎው ላይ ደገምኩ። ከዚያ ዶሮው ላይ፤ ሦስተኛው ከሁለቱ የቀለለ ነበር።

እማማ ዩላሊ አሥር ሰዓት ላይ መጥተው ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ።

«ጨው የለውም?»

«የለውም።»

«ዛሬ ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቅሽ። ቂምስ?»

«ቂም የለኝም፣ እማማ።» ይህ እውነት ነው። በኔ በኩል ቂም የለም።

«ያንቺን አይደለም እየጠየቅኩሽ ያለሁት» አሉ። ጠበቁኝ። ከሜዳው ጭብጨባ መጣ፣ ሄደ። ክዳኑን መልሰው ገጠሙት። «እንግዲህ ይብላና ይሂድልን» አሉ። «ደክሞታል። እኔም ደክሞኛል። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይንጠባጠብ ባየው።»

ያኔ ልነግራቸው ነበር። ድስቱን ደፍቼ እንደገና ላበስል እችል ነበር፤ ሩዝ አለ፣ ጊዜም ነበር። አፌን ከፈትኩ። «ሻማው የት ነው?» አልኩ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ

ደጅ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ። መናገር አይፈቀድም እንጂ መጻፍ አይከለከልም፤ እማማ ደብተሩን አይተው ዝም አሉ። እሳቸው ከአጥሩ ውጭ ናቸው፣ ጋሽ ኔስቶርና ፕሪስካም አሉ፣ ዝቅ ብለው ያወራሉ።

ሜዳው ጸጥ ብሏል። ሦስት ቀን ከተጮኸ በኋላ ጸጥታው ራሱ ይከብዳል። ከድስቶቹ የቀረው ጢስ ወደ ባህሩ ይወርዳል። ሰማዩ እንደ ዓሣ ሆድ ነው። ነፋስ የለም፤ ቅጠል አይንቀሳቀስም።

ውስጥ ሁሉም ተደርድሯል። የአባቱ ሳህን፣ የአያቶቹ፣ የሱ። ለነሱ ከእማማ ድስት ነው። ከኔ ድስት የሱ ብቻ ነው። ባንጆውን ከግድግዳው አውርጄ ወንበሩን አስደገፍኩት። ሸሚዙን መደገፊያው ላይ።

የባንጆውን ክር ድምፅ ሰማሁ ልበል። አንድ ብቻ። እንደ መንዘር።

ፕሪስካ ከአጥሩ ወዲያ ዝም አለች። ሦስቱም ቀና አሉ። በኔ ትከሻ ላይ አልፈው ያያሉ። የእማማ አፍ ተከፍቷል። «በልተዋል» ሊሉ ነው። አላሉም።

ማንኪያ። ሳህን ሲነካ።

ልነሳ ነው። ይሄን የምጽፈው ከመነሳቴ በፊት እንዲታወቅ ነው። ገብቼ እነግረዋለሁ። ጨው አለው፣ አትብላው፣ ሂድ እለዋለሁ። አንድ መቶ እስክቆጥር ነበር እለዋለሁ። ስልሳ ሁለት ላይ ሰምቼህ ነበር እለዋለሁ። እማማ ደክሟቸዋል እለዋለሁ።

ቁጥር አልቆጥርም። አሁኑኑ ነው።

ተነሳሁ። ዞርኩ። ሁለት እርምጃ ብቻ ነበር የቀረኝ፤ አሁን መሬቱ ላይ፣ በሩ ሥር ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ደረጃው ረጥቧል።

በሩ ተዘጋ። ቀስ ብሎ፣ ውስጥ የተኛ ሕፃን እንዳለ ሁሉ። ከዚያ መቀርቀሪያው፣ ከውስጥ በኩል፤ ቋ።